መሳቢያ ውስጥ የቀረ ድምፅ

በአገራችን ስለ ዘፋኝ ሲወራ የሚወራው ስለ ወጣው ካሴት ነው። ስንት እንደተሸጠ፣ ግጥሙን ማን እንደጻፈው፣ የትኛው ዘፈን በየታክሲው እንዳደነቆረን፣ ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ያንሳል አያንስም እያልን ስንከራከር ቡናችን ይቀዘቅዛል። ስላልወጣው ካሴት ግን ማን ያወራል? ያልወጣ ካሴት ገምጋሚ የለውም፣ አድናቂ የለውም፣ ተሳዳቢም የለውም። «ወደቀ» እንኳ አይባልም። ለመውደቅም እኮ መጀመሪያ መቆም ያስፈልጋል።

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ ተዘፍኖ፣ ተቀርጾ፣ ተቀነባብሮ፣ ሁሉ ነገሩ ካለቀ በኋላ ለሕዝብ ጆሮ ሳይበቃ የቀረ የመጀመሪያ ሥራ። «የመጀመሪያ» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አሥር ካሴት ያወጣ ሰው አሥራ አንደኛው ቢቀርበት የሚጎድልበት ገንዘብና ጊዜ ነው። የመጀመሪያው የቀረበት ሰው የሚጎድልበት ግን ስሙ ነው። ዘፋኝ ነኝ እንዳይል ማስረጃ የለውም፤ አይደለሁም እንዳይል ዘፍኗል።

ምሳሌዬን ከሩቅ ልጀምር፤ ሩቅ ቢሆንም ሥሩ እዚሁ ነው። ኬና ዘመድኩን አዲስ አበባ ተወልዶ ቨርጂኒያ ቢች በምትባል የአሜሪካ ከተማ ያደገ ዘፋኝ ነው። አባቱ የኢኮኖሚክስ መምህር ነበሩ። በቤታቸው ዜና እንጂ ዘፈን እምብዛም አይሰማም፤ ከተሰማም ኬኒ ሮጀርስ ነው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የኬኒ ሮጀርስ ካሴት ያልገባበት የአዲስ አበባ ቤት ስንት ነው? ልጁ ግን ዩቱ የተባለው የአየርላንድ ባንድ የሠራውን «ዘ ጆሹዋ ትሪ» ሰማና ሌላ ዓለም ተከፈተለት። ካደገም በኋላ ከዚያው ከተማ ሰው ከቻድ ሁጎ ጋር ሆኖ የመጀመሪያ አልበሙን ሠራ። ሁጎ «ኔፕቱንስ» በሚል ስም ከሚታወቁት ሁለት ዝነኛ አቀናባሪዎች አንዱ ነው። አልበሙም «ኒው ሴክርድ ካው» ተባለ፤ «አዲሲቱ ቅድስት ላም» እንደ ማለት ነው።

ከዚያ የሆነውን በዝርዝር የጻፈው ማልኮም ግላድዌል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው «ብሊንክ» በተሰኘው መጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለኬና ሰጥቶታል። በአትላንቲክ የሙዚቃ ኩባንያ ከኃላፊዎቹ አንዱ የነበረው ክሬግ ካልማን ሥራውን ሰምቶ ወዲያው ልጁን አገናኙኝ አለ። የሊምፕ ቢዝኪት ባንድ ዘፋኝ ፍሬድ ደርስት በስልክ ሰምቶ ላስፈርመው ብሎ ተነሣ። የዩቱ ሥራ አስኪያጅ ፖል ማክጊነስ ወደ አየርላንድ አስጠራው። ዘፈን መስማት እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ሁሉ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ይህ ልጅ የተለየ ነው አሉ።

ምን ቀረ? ሬዲዮ ቀረ። በአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያዎች አንድን ዘፈን ከማጫወታቸው በፊት በገበያ ጥናት ማስፈተን ልማዳቸው ነበር። ዘፈኑ ለተመረጡ ሰዎች ይሰማል፣ ሰዎቹም ከዜሮ እስከ 4 ነጥብ ይሰጡታል። «ፍሪታይም» የተሰኘው የኬና ዘፈን ከሮክ አድማጮች 1.3፣ ከአር ኤንድ ቢ አድማጮች ደግሞ 0.8 አገኘ። ለሮክ አድማጭ ሮክ አልሆነም፣ ለአር ኤንድ ቢ አድማጭ አር ኤንድ ቢ አልሆነም። ጥቁር ልጅ የሰማንያዎቹን የእንግሊዝ ሙዚቃ በመሰለ ድምፅ ሲዘፍን የትኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ? መደርደሪያ ያልተገኘለት ዕቃ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ይቆያል። የኬናም አልበም ቆየ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ያውም መጀመሪያ ባስፈረመው ኩባንያ ሳይሆን በሌላ ኩባንያ፣ በኮሎምቢያ።

ግላድዌል ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ ይመስለኛል ለእኛም ቤት ይሠራል። ፔፕሲና ኮካ ኮላ የተወዳደሩበትን የጉንጭ ፈተና ያነሣል። ሰው አንድ ጉንጭ ቀምሶ ፍረድ ሲባል ጣፋጩን ይመርጣል። ኮካ ኮላ በዚህ ደንግጦ እ.ኤ.አ. በ1985 ቅመሙን ለወጠ፤ ደንበኞቹ ተቆጡ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ የቀድሞውን መለሰ። ምክንያቱም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጠጣው ጠርሙሱን ነው፣ ጉንጩን አይደለም። ዘፈንም እንዲሁ ነው። አዲስ ነገር በመጀመሪያ ጉንጭ ይጎመዝዛል። እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ እንደ ነፍስህ የምትወደውን ዘፈን መጀመሪያ የሰማህ ዕለት ምን ብለህ ነበር? «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አላልክም?

ኬና ብቻውን አይደለም። አሊሺያ ኪስ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ከኮሎምቢያ ጋር ተፈራርማ ነበር። ኩባንያው ግን እሷ በፈለገችው መንገድ የሠራችውን ሥራ አልፈለገውም፤ በእሱ ስም አልበም ሳይወጣላት ተለያዩ። ክላይቭ ዴቪስ የተባለው አንጋፋ አሳታሚ ከውሉ አስወጥቶ ወሰዳትና እ.ኤ.አ. በ2001 «ሶንግስ ኢን ኤ ማይነር» ወጣ። በተከታዩ ዓመት 5 ግራሚ ይዛ ገባች። እንግሊዛዊቷ ሬይ ደግሞ በ17 ዓመቷ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር ለአራት አልበም ተፈራረመች። ዓመታት አለፉ፤ ለሌሎች ዘፈን ትጽፋለች፣ በሌሎች ዘፈን ላይ ታዜማለች፣ የራሷ አልበም ግን አንድም የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአደባባይ አለቀሰች፤ ሰው ሁሉ ሰማ፣ ኩባንያውም ለቀቃት። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያ አልበሟን በራሷ አወጣች፤ በ2024 በአንድ ምሽት 6 የብሪት ሽልማት ወሰደች። ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ይህን ያህል የወሰደ አልነበረም።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚህን ሦስት ታሪኮች የምናውቃቸው በመጨረሻ ስለ ተሰሙ ነው። አንዱን ሌላ ኩባንያ ወሰደው፤ አንዷን ስሙ የገነነ ሰው ከውል አስፈታት፤ አንዷ በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ፊት አለቀሰች። ሌላ ኩባንያ፣ የሚያስፈታ ሰው፣ ልቅሶ የሚሰማ ሕዝብ የሌለው ዘፋኝስ? የእሱን ታሪክ ማን ይነግረናል?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛም አገር ዘፈን የሚወጣው ደፍሮ የሚያወጣ ሰው ሲኖር እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ይሠራ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1969 የመጣው ይምጣ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። አልታሰረም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችና ከደርዘን የማያንሱ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 አገሩን ጥሎ ሄደ። አምሃም ዓለማየሁም እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ ዓመት ተከታትለው አረፉ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ግማሹ ያ ሰው ፈርቶ ቢቀር ኖሮ የት ይገኝ ነበር?

ከሸክላው በኋላ ካሴት ነገሠ፣ ከካሴቱም ጋር ሙዚቃ ቤት። የእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያስታውሰዋል። ፒያሳም መርካቶም በር ላይ የቆመ ድምፅ ማጉያ፣ ግድግዳ ሙሉ ፖስተር፣ በዓል ሲደርስ አዲስ ካሴት። ያኔ ሙዚቃ ቤቱ ባንክም ነበር፣ ዳኛም ነበር፣ በርም ነበር። ለገጣሚው፣ ለዜማ ደራሲው፣ ለአቀናባሪው፣ ለስቱዲዮው የሚከፈለውን ወይ ዘፋኙ ከኪሱ ያወጣል ወይ ሙዚቃ ቤቱ ይሸፍናል፤ ሲያልቅ ሥራው በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ማስተሩ ሙዚቃ ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው የመሳቢያው ቁልፍ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። ታላቅ እህቴ ዘጠኝ ዘፈን ዘፍናለች፤ አንዱንም እናንተ አልሰማችሁትም።

ዘመኑ 1995 ዓ.ም. ነው። ኬና አሜሪካ ውስጥ ለሬዲዮ ሲፈተን በነበረበት ዘመን አካባቢ መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። እሷ ሃያ አንድ ዓመቷ፣ እኔ አሥራ ሁለት። አባታችን ዘፋኝነትን «የአዝማሪ ሥራ» ብለው ሁለት ዓመት ካኮረፉ በኋላ አንድ ቀን ያለ አንዳች ንግግር የዕቁብ ብራቸውን አምጥተው አልጋዋ ላይ አስቀመጡላት። በዚያ ብር ግጥምና ዜማ ተገዛ። ስቱዲዮው ግድግዳው በዕንቁላል ካርቶን የተለበጠ አንድ ጠባብ ክፍል ነበር። ኪቦርድ ሁሉንም ሠራ፤ ለሁለቱ ዘፈኖች ብቻ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው መጣ። ቀረጻው አልቆ አንድ ሙዚቃ ቤት ሰማውና ወደደው። ባለቤቱ ቀብድ ሰጣት፤ «የኔ ልጅ፣ ለእንቁጣጣሽ እናወጣዋለን» አላት። ለሽፋኑ ከጎረቤት በተዋሰችው የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ተነሣች። እናታችን ፎቶውን ለዘመድ ሁሉ አሳየች።

እንቁጣጣሽ መጣ። «በዚህ በዓል የታወቁ ዘፋኞች እያወጡ ነው፤ አንቺን ይውጡሻል፣ ለገና ይሁን» ተባለ። ገና መጣ፤ «ገበያው ይረጋጋ» ተባለ። ፋሲካ መጣ፤ «ሕገ ወጥ ቀጂዎቹ ገደሉን፣ ያወጣነው ሁሉ በማግስቱ መንገድ ላይ ነው» ተባለ። ይህ ሐሰት አልነበረም፤ ቀጂዎቹ በእርግጥም ገድለዋቸዋል። ሰውየውን ክፉ ነበር ለማለት አልደፍርም። ነጋዴ ነው፤ ሊያተርፍ ያልቻለበትን ዕቃ መደርደሪያ ላይ አላወጣም።

የከፋው ግን መዘግየቱ አልነበረም። «ዘፈኖቹን መድረክ ላይ እንዳትዘፍኚያቸው፣ ይሰለቻሉ፣ ይሰረቃሉ» ብሏት ነበርና የገዛ ዘፈኖቿን በዘመድ ሠርግ እንኳ አትዘፍንም። ሰው «እስቲ አንድ ያንቺን» ሲላት የሌላ ሰው ዘፈን ትዘፍናለች። ቤት ውስጥ ልብስ ስታጥብ ማንጎራጎር ጀምራ ድንገት ታቆማለች። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እህቴ በራሷ ድምፅ ላይ ዘብ ቆማለች።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አባታችን ውሉን አምጪ አሏት። አንዲት ገጽ ወረቀት ነበረች። ሙዚቃ ቤቱ ሥራውን ማሳተምና ማከፋፈል ይችላል ይላል። አባታችን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ይችላል ይላል እንጂ ያሳትማል አይልም እኮ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ቀብዱን መልሼ ሥራዬን ልውሰድ ብትልስ? ብላለች። «ያወጣሁት ወጪ አለ» ተባለች። ወደ ሌላ ሙዚቃ ቤት ብትሄድስ? ሄዳለች። «የሰው ንብረት ነው፣ ነገር ውስጥ አልገባም» አሏት። ብትከስስስ? በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው ሕግ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያስበው ስለ ደራሲው ነው፤ ድምፃዊን እንደ ባለመብት አይቆጥረውም። ድምፃዊን በግልጽ ባለመብት ያደረገው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ እሱም የወጣው እሷ ከፈረመች በኋላ ነው። ከዚያ ካሴት ራሱ ሞተ። ሲዲ መጣ፣ ሲዲም ሳይጠግብ ሄደ፤ ሰው በየሱቁ ስልኩ ላይ ዘፈን ማስጫን ጀመረ። ያ ሙዚቃ ቤት ዛሬ የስልክ ቀፎና ሽፋን ይሸጥበታል። ማስተሩ የት እንደ ገባ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ስቱዲዮው የዚያን ጊዜ ለመስሚያ ብሎ የቀዳላት አንድ ካሴት አለ። ከአራት ዓመት በፊት ክሩ ሳይበጠስ በፊት ብዬ አስፈቅጃት ወደ ኮምፒዩተር አስገለበጥኩትና ዘጠኙንም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው ሰማኋቸው። እውነቱን ልናገር። ሰባቱ የዘመኑ ዘፈኖች ናቸው፤ ያኔ ከሚወጡት አይበልጡም፣ አያንሱም። ሁለቱ ግን፣ እነዚያ ሳክስፎን ያለባቸው፣ ጥሩ ናቸው። አንደኛው ላይ ማብቂያው አካባቢ ድምፅዋ ሊሰበር ይልና አይሰበርም፤ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ። ካሴቱ ወጥቶ ቢሆን አገር አይናወጥም ነበር። ምናልባት ሁለት ወር ተሰምቶ ይረሳ ነበር።

ታዲያ ምን ቀረባት? የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። የምለው እዚህ ላይ ነው። የቀረባት ዝና አይደለም፤ ዝናውን ማን ያውቃል። የቀረባት መልሱ ነው። ሕዝብ ሰምቶ «አልወደድነውም» ቢላት ወይ ትታው ሌላ ሥራ ትይዛለች፣ ወይ ሰባቱን ጥላ ሁለቱን ይዛ ሁለተኛ ካሴት ትሠራለች። ኬናን ተመልከቱ። የመጀመሪያ አልበሙ ገበያውን አላናወጠም፤ ግን ስለ ወጣ ሁለተኛው ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ፤ ስሙም «ፊቴን ማየታቸውን አረጋግጡ» እንደ ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ርዕስ የሚያወጣው ምን ያየ ሰው እንደሆነ ለእህቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከዚያው አልበም የተገኘ አንድ ዘፈን እ.ኤ.አ. በ2009 ለግራሚ ታጨ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዘርፍ፣ ሌላዋ ኢትዮጵያ የተወለደች ድምፃዊት ዋይናም ታጭታ ነበር። ሁለቱም አላሸነፉም። ቢሆንም ተሰምተው ተሸነፉ። ተሰምቶ መሸነፍና ሳይሰሙ መቅረት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ቁስል ነው፣ ይሽራል። ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲመጣ እንደ አዲስ ይጠየቃል።

ዘፈኖቹን ለምን ዩቲዩብ ላይ አንጭናቸውም ብዬ ጠይቄአት ነበር። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። ትንሽ አሰበችና «ያቺ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ እኔ አርባ አልፌአለሁ። እሷ ያሰበችው ፖስተር ነበር፣ ፒያሳ ላይ መለጠፍ ነበር። እኔ ተነሥቼ በእሷ ስም ምን ላድርግ?» አለችኝ። ግጥሙና ዜማው የሰው ነው፤ ሽያጩስ ጸንቷል ወይስ ፈርሷል? እነሱንም ጠይቃኛለች። ለሁሉም መልስ አልነበረኝም፤ አልጫንናቸውም።

ዛሬ በሩ የተከፈተ ይመስላል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ዘፍነው በማታው ይለቁታል፤ ሙዚቃ ቤት ደጅ አይጠኑም። ነገር ግን ዘፈን ገዝቶ በራሱ ቻናል የሚለቅ ነጋዴ አሁንም አለ፤ ውል አሁንም ይፈረማል፤ መሳቢያው ሃርድ ዲስክ ሆነ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ለሚፈርሙ ወጣቶች የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ብሩ መጠን ከመከራከራችሁ በፊት ስለ ቀኑ ተከራከሩ። «እስከዚህ ቀን ካልወጣ ሥራው ለባለቤቱ ይመለሳል» የምትል አንዲት መስመር አስገቡ። አሳታሚውን አትጎዳውም፤ ሊያወጣው የገዛ ሰው ቀን መቁረጥ አይከብደውም። የሚከብደው ከሆነ ደግሞ ያንኑ ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

ለቀድሞ ሙዚቃ ቤቶችና ለወራሾቻቸውም ልመና አለኝ። በየመጋዘናችሁ፣ በየካርቶኑ፣ በየአልጋው ሥር ስም የተጻፈባቸው ማስተሮች አሉ። ሊሸጡ አይችሉም፤ ለእናንተ ዕቃ ናቸው። ባለቤቶቹን ፈልጉና መልሱላቸው። የሚያደርጉበትን እነሱ ያውቃሉ፤ ቢያሰሙትም፣ ልብሳቸው መሃል ቢያስቀምጡትም ምርጫው የራሳቸው ይሁን። የእህቴን ስም አልጻፍኩም፤ አልፈቀደችልኝም። በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈበት ዘጠኝ ዘፈን ያለው ማስተር ካጋጠማችሁ ግን ይህን መጽሔት ላሳትመው ዝግጅት ክፍል ንገሩት፤ እኔ ጋ ይደርሳል።